አስቸኳይ! «ቅድመ ልጅነት» ነው ወይስ «ቀዳማይ ልጅነት»? ባነሩ ሊታተም ነው

ቤዛ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ! ማተሚያ ቤት ቆሜ ነው። ባነሩ «የቅድመ ልጅነት ማዕከል» ይላል። ለአባቴ በቴሌግራም ብልክላቸው «ከልጅነት በፊት ምን አለ? ፅንስ ነው የምታሳድጊው?» አሉኝ። አታሚው ልጅ ሌላ ሥራ ሊጀምር ነው፤ ምን ልበለው?

የቆሎ ተማሪ፦ አባትሽ ልክ ናቸው። «ቅድመ» በፊት ነው፤ ቅድመ ክፍያ፣ ቅድመ ዝግጅት እንደምንለው። «ቀዳማይ» ግን የመጀመሪያው ማለት ነው። አዲስ አበባም የትንንሽ ልጆች ፕሮግራሟን «ቀዳማይ ልጅነት» ብላዋለች። ደግሞ ልጅነት ዕድሜ ብቻ አይምሰልሽ። ፍርድ ቤት «ልጅነቱ ይረጋገጥልኝ» ሲባል የእገሌ ልጅ መሆኑ ነው። ቤተ ክርስቲያን ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ተጠምቀው «ልጅነት ያገኛሉ» ስትል ደግሞ የእግዚአብሔር ልጅ መሆናቸውን ነው። ከግእዙ ብንነሳ...

የጉለሌ ልጅ፦ ኧረ ልጅቷ ማተሚያ ቤት ቆማለች፣ አንተ ክርስትና ታነሳለህ? 😂

ጆኒ፦ ልጅ ኢያሱም «ልጅ» ነበሩ፤ እሳቸውን ትመዘግቢያለሽ?

ሚሚ ሰ.፦ ቀዳማይ በይው። ቅድመ አይደለም።

መምህርቷ፦ የኔ እህት፣ ሁለቱንም ተዪው። «ልጅነት» ትልቅ ሰው ወደ ኋላ ዞሮ የሚለው ቃል ነው፤ «በልጅነቴ አፈር ፈጭቼ፣ ውሃ ተራጭቼ» ይላል። የ3 ዓመት ልጅ ልጅነት የሚባል ነገር እንዳለውም አያውቅ። ሥራ የረፈደባት እናት ደግሞ ታክሲ ውስጥ ሆና «ቀዳማይ» ምን ይሆን እያለች አታሰላስልም፤ ልጇን የት እንደምታውል ነው የጨነቃት። «የሕፃናት ማቆያ» በይና ዕድሜውን በትልቁ ጻፊው። ስንት ዓመት ነው የምትቀበይው?

ቤዛ፦ ከ1 እስከ 4። ግን ፈቃዱ ላይ የተጻፈው «ቅድመ ልጅነት» ነው እኮ!!

የጉለሌ ልጅ፦ ይሄን መጀመሪያ አትነግሪንም?

መምህርቷ፦ እንግዲያው ስሙን እንደ ፈቃዱ ከላይ በትንሹ አስቀምጪው፤ «የሕፃናት ማቆያ፣ ከ1–4 ዓመት» መሃል ላይ ይግባ። ፈቃዱን ስታሳድሺ ያስተካክሉልሻል።

አቤል ካሳንቺስ፦ «ቀዳማይ» ነው የሚባለው፣ «ቅድመ» ስህተት ነው።

ሚሚ ሰ.፦ ብያለሁ እኮ።

የቆሎ ተማሪ፦ ቤዛ፣ «ሕፃናት» በሐመሩ ሐ እና በፀሐዩ ፀ ነው፤ ልጁ በሀሌታው እንዳይጽፍብሽ።