ሴጋዬ ቀለም አልሰጥ አለኝ፣ ምን ይሻለኛል?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች፣ ከደብረ ማርቆስ ነኝ። የድሮ ጌም ማጫወቻ እሰበስባለሁ፤ እናቴ «ቆሻሻ ለቃሚ» ትለኛለች። ሰሞኑን የጃፓን ሴጋ ሜጋ ድራይቭ እጄ ገባ፣ ያ በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው። ቻርጀሩ 100 ቮልት ስለሚል የእኛ 220 እንዳያነደው መቀነሻ ገዛሁ። የካሴቱ ጥርሶች አረንጓዴ ዝገት ይዘው ነበር፤ አልኮል ባጣ በዳግም አረቄ ወለወልኳቸው። አትሳቁ፣ ሠራ!

ችግሩ፣ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ምስሉ ግን ጥቁርና ነጭ ነው። ቴሌቪዥናችን ያ ባለ ሆዱ፣ ፓል የሚባለውን የቀለም ምስል አላላክ ብቻ የሚቀበል ነው። ሴጋው ደግሞ ጃፓን የምትጠቀምበትን ሌላውን አላላክ፣ ኤንቲኤስሲን ነው የሚልከው። አንድ ጠጋኝ «ቺፑ ተቃጥሏል» ብሎ ሊፈታው ሲል ነጥቄው ወጣሁ። መቀየሪያ ልግዛ ወይስ ሁለቱንም የሚቀበል ቴሌቪዥን ልፈልግ? ባሕር ዳር ወይም መርካቶ አይታችሁ የምታውቁ፣ ዋጋውንም ጭምር ንገሩኝ እስቲ።