ፍላሽ ካርትሪጅ አፕዴት ሲደረግ ዕድሜው ይረዝማል ወይስ ያጥራል?

ጠያቂው፦ ሰላም ለቤቱ። ጌምቦይ አድቫንስ ለሚባለው የኒንቴንዶ የእጅ ጌም መጫወቻ ፍላሽ ካርትሪጅ (የፈለጉትን ጌም እየጫኑ የሚጫወቱበትን ካርትሪጅ) ልገዛ ነው። አንዱ ጓደኛዬ «አፕዴት የሚደረገውን ግዛ፣ ዕድሜ ልክህን ትጫወትበታለህ» ይለኛል። ሌላው «አፕዴት የሚፈልግ ዕቃ ሲሸጥም አላለቀም» ባይ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ሰብሳቢዋ፦ እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። በ1989 የወጣው የመጀመሪያው ጌምቦይ ካርትሪጅ ዛሬም ስትሰካው ይነሳል። ጌሙ ቺፑ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ አብሮ የተቀረጸ ስለሆነ የሚለወጥ ነገር የለውም። ፍላሽ ግን መረጃውን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው፤ ቻርጁ ደግሞ በዓመታት ብዛት ይሾልካል። አፕዴቱ ራሱስ? ዲኤስ በሚባለው ሌላው የኒንቴንዶ የእጅ መጫወቻ ላይ አንድ ፍላሽ ካርድ የገደልኩት በአፕዴት ነው። እየጻፈ እያለ የባትሪው መብራት ቀይ ሆነ፣ መሣሪያው ጠፋ፣ ከዚያ ወዲህ ነጭ ስክሪን ብቻ ነው የማየው።

የባትሪው ልጅ፦ እህቴ፣ በድሮው ካርትሪጅም ብዙ አትመኪ። የ1999ኙን ጌም የፖኬሞን ጎልድን ካርትሪጅ ከፍተሽ አይተሽ ታውቂያለሽ? ውስጡ ሲአር2025 ባትሪ ተበይዶበታል። ሴቩን (ጌሙ ላይ የደረስሽበትን) የሚይዘውም የጌሙን ሰዓት የሚያስኬደውም እሱ ነው። ሰዓቱ ካርትሪጁ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦም ስለሚሄድ ባትሪውን ይበላዋል። የእኔ ያለቀ ቀን የልጅነት ሴቬ አብሮ ሄደ። ጌሙ አለ፣ እኔ ግን የለሁበትም። ኢዚ ፍላሽ ኦሜጋ ዲፊኒቲቭ ኤዲሽን የሚባለው የጌምቦይ አድቫንስ ፍላሽ ካርትሪጅ ግን ሴቩን የሚጽፈው ኤፍራም (ያለ ኤሌክትሪክ መረጃ የሚይዝ ቺፕ) ላይ ስለሆነ ለሴቭ ባትሪ አይጠብቅም። ጌሙ የሚጻፍበት ኖር ፍላሽ የሚባለው ቺፕም ቢሆን 100,000 ጊዜ ያህል ጠፍቶ መጻፍን ይችላል። በቀን 10 ጊዜ ጌም ብትቀያይሪ እንኳ ከ27 ዓመት በላይ ነው።

ጠያቂው፦ ታዲያ ቺፑ ካልሆነ ምንድነው የሚገድለው?

ዲኤስ ወዳጅ፦ ሠሪው ነዋ! በርካሽ የገዛሁት የዲኤስ ካርድ ነበረኝ። አንድ ጠዋት ሜኑው አልከፍት አለ። ማይክሮ ኤስዲውን ፎርማት አደረግሁ፣ የካርዱን እግሮች በአልኮል ጠረግሁ፣ ወይ ፍንክች። መጨረሻ ላይ የዲኤሱን ቀን ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ስመልሰው ተከፈተ። ለካ ሶፍትዌሩ የተወሰነ ቀን ሲያልፍ እንዲቆም ተደርጎ ነው የተጻፈው፣ ሌላ እንድገዛ። ቺፑ ጤነኛ፣ ማይክሮ ኤስዲው ጤነኛ፣ እኔ ግን ልጥለው ነበር። እስካሁን እናደዳለሁ። ያዳነኝ ዋይኤስ ሜኑ የሚባለው፣ ከሠሪው ውጭ የተሠራ ሶፍትዌር ነው። ማይክሮ ኤስዲው ላይ ገለበጥኩት፣ ዛሬም እየሠራ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ አፕዴት ይደረጋል ወይ ብለህ ብቻ አትጠይቅ። ሠሪው ሱቁን ቢዘጋስ ሌላ ሰው ሊጽፍለት ይችላል ወይ በል። አር4 የሚባለውን የዲኤስ ፍላሽ ካርድ፣ የመጀመሪያውን፣ እይ። ከ2 ጊጋባይት በላይ ማይክሮ ኤስዲ አያነብም፣ ሽያጩንም በ2009 የቶኪዮ ፍርድ ቤት፣ በ2010 ደግሞ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ከልክለውታል። ሆኖም ዉድ የሚባለው ሶፍትዌር ከውጭ ስለተጻፈለት ከዚያ በኋላ የወጡ ጌሞችንም አጫውቷል። 2 ጊጋባይቱን ግን ማንም አላለፈለትም፤ እሱ የካርዱ የራሱ ወሰን ነው።

ሰብሳቢዋ፦ ማይክሮ ኤስዲ ላይ የሚገለበጥ ከሆነ እቀበልሃለሁ፤ ቢበላሽ ኮምፒውተር ላይ መልሰህ መጻፍ ነው። የእኔ የሞተው አፕዴት ግን ካርዱ ውስጥ ባለው ቺፕ ላይ የሚጻፍ ነበር። ሁለቱንም አፕዴት ብለን ስለምንጠራቸው ነው ሰው የሚሳሳተው። ካርድ ውስጥ የሚጻፈውን፣ የግድ ካልሆነ በስተቀር፣ አትንኩት።

የባትሪው ልጅ፦ በዚህስ አልከራከርሽም። ብቻ ቻርጀሩን ሳይሰኩ አይጀመር።

ጠያቂው፦ እሺ፣ ባለኤፍራሙን ልወስድ ነው። ሶፍትዌሩንም ሻጩ እንደላከው ትቼ፣ ችግር ካላየሁ አልነካውም።

ሰብሳቢዋ፦ ዲኤስ ወዳጅ፣ ያንን ካርዴን አልጣልኩትም። መሳቢያ ውስጥ አለ። የሚነሳ ይመስልሃል?

ዲኤስ ወዳጅ፦ በሌላ ዲኤስ ሞክረሽዋል? ካልሆነ ሽፋኑን ክፈቺና የቺፖቹን ጽሑፍ ፎቶ አንሺልኝ። ዓይነቱን ሳላይ ተስፋ አልሰጥሽም።