የአታሪው ኢ.ቲ.፦ ጥፋቱ የጌሙ ነው የተጫዋቹ?

ጉድጓድ_ውስጥ
ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1982 ለአታሪ 2600 የጌም ማሽን የወጣው የፊልሙ ጌም ኢ.ቲ. በልጅነት ተገዝቶ አንድ ከሰዓት እንኳ ሳይጫወቱበት መሳቢያ ውስጥ የሚጣል ካሴት ነበር። ጌሙ ላይ ከሌላ ዓለም የመጣው ኢ.ቲ. ሦስት የስልክ ቁራጮች ሰብስቦ ይደውላል፣ ከዚያ መርከብ መጥቶ ይወስደዋል። አሁን ስቴላ ኢሙሌተር (የድሮውን ማሽን ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ ጭኜ ልጨርሰው እየሞከርኩ ነው። ችግሩ ያው የድሮው፦ ጉድጓድ ይገባል፣ አንገቱን አስረዝሞ ይወጣል፣ ወዲያው ተመልሶ ዘጭ። መላ አለው ወይስ ጌሙ ራሱ ብልሽት ነው?

ቀይ_በተን
አለው እንጂ። በተኑን ስትጫን አንገቱ ይረዝማል፣ ጆይስቲኩን ወደ ላይ ስትገፋ ይንሳፈፋል። ስክሪኑ ተቀይሮ ውጭውን ባየህበት ቅጽበት ግን እጅህን ልቀቅ። የቆመው አፋፉ ላይ ስለሆነ፣ ወደ ላይ እንደገፋህ ከቀጠልክ መልሰህ ራስህ ትከተዋለህ። ጉድጓዱ በየት በኩል እንዳለ አይተህ በተቃራኒው ውጣ። መውደቅ ሲጀምር ደግሞ ቶሎ በተኑን ተጫን፤ ወለሉን ሳይመታ አየር ላይ ይቆማል፣ በመውደቅ የሚጠፋው ጉልበት ይተርፍልሃል። ጉልበቱ ከ9999 ጀምሮ በየእርምጃው ስለሚቀንስ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ለመሆኑ ጉድጓዱን ሁሉ ግባ ያለህ ማን ነው? ስትንቀሳቀስ ከላይ ምልክት ይቀያየራል አይደል? የጥያቄ ምልክት ሲወጣ ቆም ብለህ በተኑን ተጫን። የስልኩ ቁራጭ እዚያ ስክሪን ላይ ካለ ያለበት ጉድጓድ ውስጥ ነጥብ ብልጭ ይላል፤ ካላለ እለፍ። ቀስት ሲወጣ ከተጫንክ ቀስቱ ወዳመለከተው ስክሪን ባንዴ ያሻግርሃል። የኤፍቢአይ (የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ) ሰውዬው ሲያባርርህ ከዚህ የተሻለ ማምለጫ የለም።

ባይት128
ወንድሜ ያልከው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ጥፋቱን ለተጫዋቹ አትስጥ። ጉድጓዱ የተሳለው ከላይ እንደሚታይ ነው፣ ኢ.ቲ. ግን ከጎን። ጌሙ የሚያየው ሁለቱ ሥዕሎች መነካካታቸውን ብቻ ነው፤ አንዲት የጭንቅላት ፒክስል ከነካች እግሩ ሣር ላይ ቢሆንም ይወድቃል። ዓይንህ «አልነካም» ይልሃል፣ ማሽኑ «ነክቷል» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በደጋፊ የተሠራ የተስተካከለ ሮም (የጌሙ ፋይል) አለ፤ እሱ ላይ የሚወድቀው እግሩ ሲገባ ነው። ስቴላ ያለምንም ችግር ይከፍተዋል።

ፕሮግራመሩ ሃዋርድ ስኮት ዋርሾው የተሰጠው አምስት ሳምንት ገደማ ነበር፣ ለገና ገበያ እንዲደርስ። ካሴቱ 8 ኪሎባይት፣ ማሽኑ ራም ያለው 128 ባይት። ሐሳቡ እንዲያውም ደፋር ነበር፤ ስድስቱ ስክሪኖች እንደ ኪዩብ ገጾች የተገጣጠሙ ናቸው። የጎደለው ሰዎች እያስሞከሩ የሚያርሙበት ጊዜ ነው። ኒው ሜክሲኮ አላሞጎርዶ ከተማ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የተቀበረው ካሴት እ.ኤ.አ. በ2014 ሲቆፈር የተሳቀው በጌሙ ነው እንጂ፣ ቀነ ገደቡን የቆረጡት ሰዎች ላይ የሳቀ የለም።

ጉድጓድ_ውስጥ
ሦስቱንም ቁራጮች አገኘሁ! የእጅ መልቀቋ ዘዴ ሠራች። ደወልኩም፤ መርከቡ ግን አልመጣም።

ቀይ_በተን
ከደወልክ በኋላ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። እሱ ሳያልቅ ጫካው ስክሪን ገብተህ ማረፊያውን ፈልገህ እዚያው ላይ ቆመህ መጠበቅ አለብህ፤ አንድ እርምጃ ዝንፍ ካልክ አያነሳህም። ማረፊያው ሳትደውልም ስለሚታይ አስቀድመህ ፈልገህ ቦታውን በዛፎቹ ለይተህ ያዝ። የሚያባርሩህ ሰዎች ካስቸገሩህ ኪቦርዱ ላይ በኤፍ1 ጌም 3ን መርጠህ በኤፍ2 ጀምር፤ እዚያ የኢ.ቲ. ጓደኛ የሆነው ልጅ ኤልየት ብቻ ነው ያለው።