ኮፐርኒከስ በቦሎኛ መዝገብ «ጀርመን» ነው ወይ? ክርክር

ደብተራው፦
ትናንት ማታ አንድ የዩቲዩብ ተንታኝ ስለ ኮከብ ተመራማሪው ኮፐርኒከስ ኮስተር ብሎ «ኮፐርኒከስ ፖላንዳዊ ነው የሚባለው የኮሚኒስቶች ወሬ ነው፤ ጣሊያን አገር ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ራሱን ጀርመን ብሎ አስመዝግቧል፣ ሰነዱ አለ» ሲል ሰማሁ። ደሜ ፈላ። ሰነዱ አለ፣ እሱስ እውነት ነው። ግን ሰነዱ የሚለው ሌላ፣ ሰውየው የሚለው ሌላ። እዚያ ላይ ያለው ስም፣ የመጣበት ከተማና የከፈለው ገንዘብ ነው። «ኒኮላውስ ኮፐርሊንግክ ዘቶሩን፣ 9 ግሮሴቲ» (የዚያን ዘመን ሳንቲም)። አለቀ። «እኔ ጀርመን ነኝ» የሚል ቃል የለበትም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ደሞ በዚህ እንዳትነዘንዙኝ።

ሙሉ ሰማይ፦
ወንድሜ ንዴትህ ይገባኛል፣ ግን መዝገቡ አይዋሽም። 9ኙን ግሮሴቲ ለማን ከፈለ? ለጀርመን ተማሪዎች ማህበር። በዚያን ጊዜ ቦሎኛ ውስጥ የፖላንድ ተማሪዎች ማህበርም ነበረ። ሁለት በር ነበረ፣ በአንዱ ገባ። ይሄን ለመካድ ስንት ቀለም ልትጨርሱ ነው?

የዉች ተመራቂ፦
አይ ልጄ። እኔ ፖላንድ ተምሬ የመጣሁ ሰው ነኝ። ዉች ከተማ፣ ለውጭ ተማሪ ቋንቋ የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ነው ፖሊሽ የቀሰምኩት። ኮፔርኒክን (እነሱ እንደዚያ ነው የሚሉት) ማንም አይነጥቃቸውም። የተወለደው በ1473 ቶሩን ነው። ቶሩን ደግሞ በ1466ቱ የሰላም ውል ለፖላንድ ንጉሥ ገብታለች። ሲወለድ የፖላንድ ንጉሥ ዜጋ፣ በ1543 ሲሞትም እንደዚያው። ሌላው ትርፍ ወሬ ነው።

ሙሉ ሰማይ፦
ጋሼ በአክብሮት፣ ማን ይገዛው እንደነበር አልጠየቅኩም። መዝገቡ አይዋሽም ነው ያልኩት። ከእጁ የተረፈው ጽሑፍ በላቲንና በጀርመንኛ ነው። በፖሊሽ የጻፋት አንዲት መስመር ካለች ይምጡልኝ።

ፋክት ብቻ፦
«መዝገቡ አይዋሽም» የምትለዋን ልያዛት። የትኛው መዝገብ? ሶስት የዩኒቨርሲቲ መዝገብ አሉ እኮ። ክራኮው በ1491 ሲገባ «ኒኮላውስ ወልደ ኒኮላውስ ዘቶሩን» ተብሎ ተጽፏል፣ ክፍያውንም ሙሉውን ከፍሏል። የ1497ቱ ቦሎኛ ያልከው ነው። እዚያው ጣሊያን ፌራራ ላይ ሜይ 31 ቀን 1503 በቀኖና ሕግ ዶክተር ሲሆን ደግሞ ኖተሩ (ውል ጸሐፊው) «ኒኮላውስ ኮፐርኒክ ዘፕሩሲያ» ብሎ ጻፈው። ጀርመንም አላለው፣ ፖላንድም አላለው። ፕሩሲያ፣ ቶሩን ያለችበት ምድር! በል እንግዲህ አይዋሽም ካልክ የፕሩሲያ ነው በልና ሁሉንም አስቀይም።

ቡና ጠጪ፦
ኮፐርሊንግክ፣ ኮፐርኒክ፣ ኮፔርኒክ፣ ኮፐርኒከስ… ስሙን እንኳ መወሰን ያልቻለ መዝገብ ዘሩን ሊነግረን ነው 😂

ሙሉ ሰማይ፦
ያ የነበረው ፕሩሲያ ማን ነው የሚኖርበት? ቶሩን ውስጥ ነጋዴው በምን ቋንቋ ነው የሚሸጠው? መልሱን ታውቁታላችሁ፣ አፋችሁ አልወጣ አለ እንጂ።

ደብተራው፦
አፌ ወጥቷል፣ ስማ። ጀርመንኛ ይነገር ነበር፣ ማን ካደ? ግን እነዚያው ጀርመንኛ ተናጋሪ ከተሞች ናቸው በ1454 ይገዛቸው በነበረው የጀርመን መስቀለኛ ማህበር፣ በቴውቶን ፈረሰኞች ላይ አምጸው የፖላንድን ንጉሥ «ና ግዛን» ያሉት። ጀርመንኛ እየተናገሩ ጀርመንኛ ተናጋሪውን ጌታ አባረሩ። አባቱ ራሱ ከክራኮው መጥቶ ቶሩን የሰፈረ የመዳብ ነጋዴ ነው። የዛሬውን ሚዛን ይዘህ 15ኛው ክፍለ ዘመን ገበያ ብትገባ ማንም አይመዝንልህም።

ሐና ዘቦሎኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ቦሎኛ ስለምኖር ዝም ማለት አልቻልኩም። «ሁለት በር ነበረ» ያልከው ወንድሜ፣ በሩ የመሰለህን አይደለም። እነዚያ ማህበሮች የተማሪ እድር ነበሩ በለው። ትከፍላለህ፣ ስትታመም ይጠይቁሃል፣ ስትሞት ይቀብሩሃል፣ ከከተማው ሰው ስትጣላ ይቆሙልሃል። የጀርመኑ ማህበር ሀብታምና ልዩ መብት ያለው ነበር። ደንቡ ላይ ጀርመንኛ አፍ መፍቻው የሆነ ሁሉ ይገባል ይላል፣ ከዚያ ደግሞ የቦሄሚያ፣ የሞራቪያ፣ የሊትዌኒያና የዴንማርክ ሰዎችን ይጨምራል። የዴንማርክን ልጅ ጀርመን ልትለው ነው?

ሙሉ ሰማይ፦
እድር! ይሄ ደግሞ አዲስ መጣ። እህቴ ራስሽ «ጀርመንኛ አፍ መፍቻው የሆነ ሁሉ» ብለሽ ጻፍሽ እኮ። ኮፐርኒከስ የመጣው ከዴንማርክ ነው? ከሊትዌኒያ ነው? አይደለም። ታዲያ በየትኛው አንቀጽ ገባ? ለኔ መስክረሽልኝ ነው የሄድሽው፣ አመሰግናለሁ።

ሐና ዘቦሎኛ፦
አፍ መፍቻው ጀርመንኛ ነው ብዬ ልቀበልህ። ከዚያስ? ቋንቋውን እንጂ ታማኝነቱን አላሳየህም። አጎቱ ሉካስ ቫትዘንሮደ፣ የቫርሚያ (ፕሩሲያ ውስጥ ያለ ሀገረ ስብከት) ጳጳስ፣ ቀድሞ እዚሁ ተምሯል። ገንዘቡም የሱ ነው። በ1498 ታናሽ ይሁን ታላቅ የሚያከራክረው ወንድሙ አንድሬያስ ተከተለው፣ በ1499 ሁለቱም ኪሳቸው ባዶ ሆኖ 100 ዱካት ተበድረው ነው የተረፉት። ከቤት ገንዘብ እየጠበቀ የሚማር ልጅ አጎቱ የሚያውቀው ማህበር ውስጥ ቢገባ ምን ይገርማል?

ቡና ጠጪ፦
ብድሩ ላይ ስደርስ ነው ሰውየውን ያመንኩት። ይሄ እውነተኛ ተማሪ ነው።

የዉች ተመራቂ፦
ሐና ልጄ ተባረኪ። እኔ ደግሞ ልጨምር። በ1520 ቴውቶኖቹ ቫርሚያን ሲወሩ ኮፔርኒክ ኦልሽቲን ምሽግ ውስጥ ሆኖ ለንጉሥ ዚግሙንት የእርዳታ ደብዳቤ ጽፏል። ለማን? ለፖላንድ ንጉሥ። ይሄም መዝገብ ነው፣ ይሄም አይዋሽም።

ሙሉ ሰማይ፦
በላቲን የተጻፈ ደብዳቤ። ጌታው ነዋ፣ ለማን ይጻፍ ታዲያ፣ ለቱርክ ሱልጣን?

ፋክት ብቻ፦
ጋሼም ገና ለገና «አይዋሽም»ን ወረሷት። እስቲ ከእርስዎ ወገን ያለውን ላንሳ። በ1726 ፓፓዶፖሊ የሚባል ሰው የፓዱዋ ዩኒቨርሲቲን ታሪክ ሲጽፍ፣ ኮፐርኒከስን በፓዱዋ የፖላንድ ተማሪዎች መዝገብ ላይ አይቼዋለሁ አለ። ሰው ለረጅም ጊዜ ተቀብሎ ደገመው። ችግሩ ያ መዝገብ የተጀመረው በ1592 ነው። ኮፐርኒከስ ከሞተ 49 ዓመቱ! ከመቃብር ተነስቶ ነው የተመዘገበው?

የዉች ተመራቂ፦
ፓፓዶፖሊ ፖላንዳዊ አይደለም! ስሙን እየው እንጂ። የሌላ ሰው ቅጥፈት ለምን በፖላንዶች ይላከካል? ያ የ1592 መዝገብ ደግሞ እስከ 1745 ድረስ የሄደ ትልቅ ቅርስ ነው። ከሱም በፊት ፖላንዶች ፓዱዋን ሞልተዋት ነበር። ገጣሚው ያን ኮሃኖፍስኪ ተምሮባታል፣ ያን ዛሞይስኪ በ1563 የሕግ ተማሪዎቹ ሬክተር ሆኗል። ተማሪ ሬክተር የሚሆንበት ዘመን ነበር፣ እሱን አስቡት።

ሙሉ ሰማይ፦
ዛሞይስኪን ማን ጠየቀ?

ደብተራው፦
እኔ የምለው፣ ፓዱዋ ላይ የኮፐርኒከስ መዝገብ ስለሌለ አልተማረም ልንል ነው? ሕክምና ያጠናው እዚያ ነው። እንዴት አወቅን? በ1501 የቫርሚያ ካህናት ጉባኤ ሕክምና እንዲማር ፈቅዶለታል፣ የፌራራው ኖተር ደግሞ «በቦሎኛና በፓዱዋ የተማረ» ብሎ ጽፎለታል። የትምህርት ቤቱ መዝገብ ዝም ብሎ፣ የጎረቤት ከተማ ወረቀት ተናገረ። ስለዚህ «መዝገቡ አይዋሽም» ስትል የተረፈውን መዝገብ ብቻ ነው የምትሰማው። አይጥ የበላው፣ ውሃ የገባበት፣ የተቃጠለውስ?

ሙሉ ሰማይ፦
ያልተረፈ መዝገብ ምስክር ሆኖ አያውቅም። አይጡን ጥራውና ይመስክር።

ሐና ዘቦሎኛ፦
የተረፈውም እንዴት እንደተረፈ ስሙ። የቦሎኛው የጀርመን ማህበር መዝገብ፣ ከ1289 እስከ 1562 ያለው፣ የተገኘው ማልቬዚ ከሚባል የባላባት ቤተሰብ ቤት ነው። ካርሎ ማላጎላ በ1870ዎቹ አወጣው፣ በ1887 ከጀርመኑ ፍሪድሌንደር ጋር በርሊን ላይ ታተመ። ጊዜውን ልብ በሉ። ፖላንድ ከ1795 ጀምሮ ካርታ ላይ የለችም። ቶሩን በፕሩሲያ እጅ ናት። በ1873 የልደቱን 400ኛ ዓመት ጀርመኖች ለብቻ፣ ፖላንዶች ለብቻ አክብረዋል። በዚያ እሳት ላይ ነው 9 ግሮሴቲው የወደቀው። ማላጎላ ምስኪኑ የግሪክና የላቲን መምህሩን የኡርቼዎ ኮድሮን ታሪክ እየጻፈ ነው ያገኘው እንጂ ጠብ አልፈለገም።

ፋክት ብቻ፦
«መምህሩን» ያልሽው የማንን መምህር ነው፣ የማላጎላን? ኮድሮ የኮፐርኒከስ ዘመን ሰው ነው።

ሐና ዘቦሎኛ፦
የኮፐርኒከስን ነዋ! ዓረፍተ ነገር ለቃሚ።

የዉች ተመራቂ፦
እሳት ካላችሁ ዋርሶን ላንሳ። የኮፔርኒክ ሐውልት ላይ የነበረውን የፖሊሽ ጽሑፍ ናዚዎች ሸፍነው በጀርመንኛ ሰሌዳ ለጠፉበት። በፌብሩዋሪ 1942 አሌክሲ ዳቪዶፍስኪ የሚባል የስካውት ልጅ ጠጋ ብሎ ብሎኑን ፈታና ሰሌዳውን ይዞ ሄደ። ጀርመኖቹ ተናደው የፖላንዱን ጀግና የኪሊንስኪን ሐውልት አነሱ። ከዚያ ከተማው ውስጥ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «ኪሊንስኪ ስለተነሳ ክረምቱን በ6 ሳምንት አራዝሜያለሁ። ኮፔርኒክ፣ የኮከብ ተመራማሪ»። እንዲህ የቀለደለትን ሕዝብ ነው «ያንተ አይደለም» የምትሉት።

ቡና ጠጪ፦
ጋሼ ይሄን ከመጀመሪያው ቢያመጡት ኖሮ እኔ በአንድ ሰከንድ ፖላንድ ነበርኩ።

ሙሉ ሰማይ፦
ቆይ ቆይ። ስለ 1497 እያወራን ናዚ ጎራ ከተታችሁኝ? አንድ የተማሪ መዝገብ ስላነበብኩ? ይሄ ነውር ነው።

የዉች ተመራቂ፦
ስም አልጠራሁም ልጄ። ታሪክ ነው የነገርኩህ።

ሙሉ ሰማይ፦
ጎንዮሽ አይነካኩኝ ጋሼ፣ እኔም ሽማግሌ ስለማከብር ነው።

ደብተራው፦
ማንም አልነካህም። «ብሔር» ሲነሳ ሁሉም የራሱን ቁስል ይዞ ነው የሚመጣው፣ ቦሎኛም እንሂድ ክራኮው።

ፋክት ብቻ፦
ወደ መዝገብ እንመለስ። ፍራንሲስክ ስካሪናን ውሰዱ፣ የፖሎትስክ ልጅ። ክራኮው ተምሮ በ1512 ፓዱዋ ላይ የሕክምና ዶክተር ሆነ። የፓዱዋ ወረቀት ተርፏል፣ «ሩቴናዊ» (የምሥራቅ ስላቭ ሰው) ይለዋል። ዛሬ ቤላሩሶች የኛ ነው ይላሉ፣ ሊትዌኒያም የሕትመት አባቴ ትለዋለች፣ ቪልኒየስ ላይም ስላተመ። ወረቀቱ ቁልጭ ብሎ ተጽፎ ክርክሩ አለቀ ወይ?

ሙሉ ሰማይ፦
ለስካሪና ሌላ ርዕስ ክፈትለት። እኔ የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ነው። የፖላንዱ በር ክፍት ሆኖ ለምን በጀርመኑ ገባ? እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

ሐና ዘቦሎኛ፦
መለስኩልህ። አጎቱ።

ሙሉ ሰማይ፦
አጎቱስ ለምን?

ቡና ጠጪ፦
ኧረ በማርያም፣ አሁን አያቱ ጋ ልንደርስ ነው።

ሙሉ ሰማይ፦
እንደርሳለን፣ ማን ቸኮለ።