የጤና ሶፍትዌር፦ መንግሥት ይሥራው ወይስ ደንብ አውጥቶ ዞር ይበል?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያ ይህ ነው። ጤና ሚኒስቴር ሶፍትዌር እየመረጠ ወደ ታች ያወርዳል። ለሪፖርት ዲኤችአይኤስ 2 አለ፤ ለጤና ኬላ ደግሞ ኢ-ቺስ የሚባለው የታብሌት ሥርዓት። ካርድ ክፍሉ ግን በብዙ ቦታ አሁንም ወረቀት ነው። መንግሥት በዚሁ ይቀጥል ወይስ ለግሉ ይልቀቅ? ስድብ የጻፈ ይወጣል።

ፕሮግራመሩ፦ ይልቀቅ። እኔ ለግል ክሊኒኮች ሲስተም እተክላለሁ። ካልወደዱት ያስነቅሉታል፤ ስለዚህ በሌሊት ቢደውሉም ስልክ አነሳለሁ። የመንግሥቱን ማን ያስነቅላል? እንግሊዝን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2002 መንግሥት የሆስፒታሎቹን መዝገብ ከላይ ሆኜ ኮምፒውተር ላይ ላውጣ ብሎ ተነሳ። ቢሊዮን ፓውንዶች ፈሰሱበት። በ2011 ራሱ አፈረሰው።

የወረዳው ሰው፦ ወንድሜ፣ አንተ የምትተክለው ከፋይ ባለበት ነው። የገጠር ጤና ኬላ ምን ይከፍልሃል? የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ለየቤቱ የቤተሰብ ማህደር ይይዛሉ። ታብሌቱ የገባው ያንን ማህደር ሊተካ ነው። ኔትወርክ በሌለበትም መዝግቦ ይይዛል። የትኛው ነጋዴ ነው ይህን ልሥራ ብሎ የሚመጣው?

ሲስተር፦ ሁለታችሁም መዝጋቢዋን ረስታችኋል። እኔ በምሠራበት ጤና ጣቢያ አንዲት እናት ለክትትል ስትመጣ መዝገቡ ላይ እጽፋለሁ። ካርዷ ላይ እጽፋለሁ። ያንኑ ኮምፒውተር ላይ እደግማለሁ። ወር ሲያልቅ ደግሞ ለሪፖርት አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። ወረፋው እስከ በር ነው። መብራት ሲሄድ «ሲስተም የለም» ብዬ ቁጣውን የምቀበለውም እኔው ነኝ። ቁጥሩ ሁሉ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ለእኔ የተመለሰ ነገር የለም። ያቺው እናት ሪፈር ስትባል ወረቀቷን በእጇ ይዛ ነው የምትሄደው።

ፕሮግራመሩ፦ ይኸው፣ እኔስ ምን አልኩ!

ሲስተር፦ አላልክም። የግል ክሊኒኮችም ታካሚ ሲልኩልን በእጅ በተጻፈ ወረቀት ነው፤ ያውም የማይነበብ።

ከሜሪላንድ፦ ሲስተር ነጥቡን መታችው። እኔ እዚህ አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምሠራው። እ.ኤ.አ. በ2009 የኤሌክትሮኒክ የጤና መዝገብ ሕግ ሲወጣ መንግሥት ለሆስፒታሎቹ ሶፍትዌር አልሠራም፤ ከፈለ እንጂ። በኤሌክትሮኒክ መዝገብ የተጠቀመ ሆስፒታልና ሐኪም ማበረታቻ አገኘ። ያልተጠቀመው በኋላ ከሜዲኬር፣ ማለትም መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን ከሚከፍለው የጤና መድን፣ ክፍያው ተቀነሰበት። ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። በ2008 መሠረታዊውን እንኳ የያዙት ሆስፒታሎች ከመቶ 10 አይሞሉም ነበር፤ በ2015 ከ80 በላይ ሆኑ። ታዲያ ፕሮግራሞቹ እርስ በርስ አይነጋገሩም ነበር። ታካሚው መንገድ ተሻግሮ ሌላ ሆስፒታል ሲገባ መረጃው ብዙ ጊዜ በፋክስ ይላክ ነበር። መረጃ ማገትን የሚከለክል ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ነው፤ ገንዘቡ ኪስ ከገባ በኋላ። መጀመሪያ ፕሮግራሞቹ የሚነጋገሩበትን ቋንቋ አስማማ፣ ከዚያ ክፈል። እኔ ይህን ነው የምለው።

ፕሮግራመሩ፦ በዚህ እስማማለሁ። ደንቡ ይውጣ፤ ያላሟላ ሶፍትዌር አይሸጥ፣ የመንግሥቱም ጭምር። ግን «መንግሥት» ስንል ማንን ነው? ብዙው በለጋሽ ገንዘብ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አሜሪካ ዕርዳታዋን ስታግድ በዚያ ገንዘብ ደሞዝ የሚበሉ ባለሙያዎች ከሥራ ወጡ።

የወረዳው ሰው፦ እውነት ነው። ግን ይህ መንግሥት ይውጣ አያሰኝም፤ በጀት ይያዝ ነው የሚያሰኘው። ዲኤችአይኤስ 2 የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ነፃ ሶፍትዌር ነው። ለጋሽ ቢሄድም የሚነጥቀን የለም። የጎደለው የሚጠግነው ልጅ ደሞዝ ነው። ልጁን ካሠለጠንነው በኋላ ደግሞ የግል ድርጅት ይወስደዋል፤ ምናልባትም ያንተው።

ፕሮግራመሩ፦ ደሞዝ ጨምሩለታ!

ከሜሪላንድ፦ እናንተ ግን እዚህ የሌለ ዕድል አላችሁ። ኮንግረስ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለታካሚ አንድ ወጥ መለያ ቁጥር የሚሆን በጀት ከልክሏል። ስለዚህ አንድን ሰው በስምና በልደት ቀን እያገናኘን እንሳሳታለን። እናንተ ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ መታወቂያ አላችሁ። አንድ ሰው በየሆስፒታሉ የተለያየ የካርድ ቁጥር መያዙ መቅረት ይችላል።

ሲስተር፦ ቀስ በሉ። ትንሽ ከተማ ውስጥ የኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ካርዷን የሚያወጣው ሰው ጎረቤቷ ሊሆን ይችላል። አሁን ወረቀቷ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። በፋይዳ ቁጥሯ ሁሉም ቦታ ከተገናኘ ማን ይከፍተዋል? እኛ ጋ ፓስወርዱ ኮምፒውተሩ ላይ ተለጥፏል፤ ሁላችንም በአንድ ስም ነው የምንገባው።

የወረዳው ሰው፦ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል እኮ፣ ቁጥር 1321/2016፤ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ሲስተር፦ አዋጁ ይከበርልኝ። ግን አዋጅ ፓስወርድ አይለጥፍም፣ አያነሳምም። ማን መቼ የማንን ካርድ እንደከፈተ መዝግቦ የሚይዝ ሲስተም ስጡኝ።

ፕሮግራመሩ፦ ይህ ከባድ አይደለም። ሚኒስቴሩ ግዴታ ያድርገው፣ እኔ ነገ እሠራዋለሁ። ለየሰው የየራሱ መግቢያ፣ ከፋቹ የሚመዘገብበት።

ሲስተር፦ እሺ። ከዚያ በፊት ግን የወረቀቱን መዝገብ አንሱልኝ። ሁለቱንም ሙሊ የምትሉኝ ከሆነ ለየሰው የየራሱ መግቢያ ያላችሁት አይሠራም። ወረፋ ሲበዛ አንዷ ከፍታ ሁላችንም በእሷው ስም ነው የምንሞላው።