ፕሬዚዳንታዊ ብንሆን ጉቦ ይቀንስ ነበር?

ሚሚ ዘአራት ኪሎ
ትናንት አራት ኪሎ ጀበና ቡና ላይ ከጓደኞቼ ጋር ልንጣላ ነበር። አንዱ «ይሄ አገር ፕሬዚዳንታዊ ካልሆነ ሙስና አይጠፋም፤ ሕዝብ በቀጥታ የመረጠው ሰው ማንንም ሳይፈራ ሌባውን ይጠርጋል» ይላል። ሌላዋ ደግሞ «ጉዱ ፌዴራሊዝሙ ነው፤ ድሮ አንድ ቦታ ይበላ የነበረው አሁን በየክልሉ ይበላል» አለች። እኔ ዝም አልኩ። ሐሳቤ ሌላ ጋ ነበር። የእናቴን ቤት ምትክ ካርታ ለማውጣት አንድ ቢሮ ሦስት ሳምንት ተመላልሻለሁ። «ፋይሉ የለም» ይሉኛል። በሩ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጋ የሚቆም አንድ ልጅ ግን ስሜን እንኳ ሳይጠይቅ «እህቴ፣ ፋይል ጠፋብሽ? አምስት ሺህ ካለሽ ከሰዓት ይገኛል» አለኝ። መጥፋቱንም መገኛውንም የሚያውቅ ሰው! እና የመንግሥት ሥርዓት ቢቀየር ይሄ ልጅ ሥራ ይፈታል? ከምር ነው የምጠይቀው።

ካዛንቺስ ነበርኩ
አይፈታም። ቦታ ብቻ ይቀይራል፣ እንደ እኛ ሰፈር ሰው።
እስቲ ቁጥር እንይ። ዴንማርክ ንጉሥ ያላት ፓርላሜንታዊ አገር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል የሙስና መለኪያ (ነጥቡ ከፍ ሲል ሙስናው ያንሳል) ከ100 90 አግኝታ አንደኛ ወጣች። እኛም ፓርላሜንታዊ ነን፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 45 ላይ ተጽፏል፤ ያገኘነው 37 ነው። ሩዋንዳ ፕሬዚዳንታዊ ሆና 57፣ ደቡብ ሱዳንም በፕሬዚዳንት እየተመራች 8፣ የመጨረሻዋ። ከዚህ ውስጥ የትኛው ሥርዓት ጉቦ እንደሚቀንስ የሚያወጣ ካለ ቡና በእኔ።

ጋሽ ሰንጋተራ
ልጄ ሚሚ፣ እኔ ሦስት ሥርዓት አይቻለሁ። በ1966 ተማሪ ነበርኩ። «ሌቦቹ ባለሥልጣናት ለፍርድ ይቅረቡ» ብለን ጉሮሯችን እስኪደርቅ ጮኸናል። መርማሪ ኮሚሽንም ተቋቋመ። ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ 60 ገደማ ሰው ያለ ፍርድ ረሸነ። ከዚያ በላይ የሥርዓት ለውጥ ከየት ይመጣል? ዘውዱ ሄደ፣ መሬቱ የመንግሥት ሆነ።
ከዚያ ቀበሌ ሱቅ መጣ። ስኳር በራሽን ነው። የእኛ ቀበሌ ሱቅ ሠራተኛ ሲመዝን ትንሿን ጣቱን ሚዛኑ ላይ ያሳርፋል፤ ሁላችንም እናያለን፣ ማንም አይናገርም፣ ምክንያቱም በሚቀጥለው ወር «አልቋል» ሊልህ ይችላል። ለእሱ የሚስቁለት፣ ልጁን ክርስትና የሚያነሡለት ሰዎች ግን ስኳር አልቆባቸው አያውቅም። በ1983 ደግሞ ያ ሁሉ ተገለበጠ። ሱቁ ተዘጋ፣ ጣትየዋ ወደ መሬት ቢሮ ሄደች።

ሕግ አንባቢ
ጋሼ፣ በአክብሮት፣ አልስማማም። «ምንም ቢቀየር ያው ነው» ማለት ለሌባ የሚመች ወሬ ነው። ሥርዓት ለውጥ ያመጣል። እኛ የምንከራከረው ግን የቤቱን ስም ስለመቀየር ነው፤ በሩን የሚቆልፈው ማን እንደሆነ አንጠይቅም።
የእኛን ተመልከቱ። የፀረ ሙስና ኮሚሽኑ በ1993 ሲቋቋም ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበር። መጀመሪያ ከተያዙት ትልልቅ ሰዎች መካከል በዚያው ሰሞን ከገዥው ቡድን የተለዩት እንደነበሩበት የሚያስታውስ ያስታውሳል። በ2008 ደግሞ መመርመርና መክሰስ ከኮሚሽኑ ተነሥቶ ምርመራው ለፌዴራል ፖሊስ፣ ክሱ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሄደ። ዋናው ኦዲተር በየዓመቱ ፓርላማ ቀርቦ ያልተወራረደውንና ያልተሰበሰበውን ገንዘብ ያነባል። የሚሰሙት አብዛኞቹ የአስፈጻሚው ፓርቲ ሰዎች ናቸው። አለቃህን በአደባባይ ገሥጽ ብትባል ትገሥጻለህ?
አሁን ሲንጋፖርን እዩ። እሷም ፓርላሜንታዊ ናት። የሙስና ምርመራ ቢሮዋ እ.ኤ.አ. በ1952 የተቋቋመ ነው፣ ተጠሪነቱም ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ግን ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አንድ ነገር አስገቡ፦ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምርመራ ቢከለክል እንኳ፣ ፕሬዚዳንቱ ከተስማማ የቢሮው ኃላፊ መቀጠል ይችላል። በቃ፣ አንዲት አንቀጽ። መንግሥቱ ያው ፓርላሜንታዊ ነው።
የሚሚ ጓደኛ ስለ ፌዴራሊዝም ላለችው ደግሞ፣ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ሕገ መንግሥቷ ሥልጣን ለ47 ካውንቲ ስታከፋፍል ሌብነቱም አብሮ ወረደ፣ እውነት ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2020 የናይሮቢን ገዥ ለማንሣት የጀመረው እዚያው ያለው የካውንቲው ምክር ቤት ነው፣ ሴኔቱ አጸናው። ሲወርድ የሚያይ ዓይንም አብሮ ሊወርድ ይችላል።

ራይድ ነጂ
ረዘመብኝ ግን አነበብኩት 😅 እኔ የምለው ጆርጂያ ናት። እ.ኤ.አ. በ2004 የትራፊክ ፖሊሱን በሙሉ አባርረው፣ አዲስ ሰው ቀጥረው ደመወዙን ከፍ አደረጉ። ሾፌር እረፍት አገኘ። ያኔ የነበራቸው ጠንካራ ፕሬዚዳንት ስለሆነ የሚሚ ጓደኛ «አላልኳችሁም?» ይል ይሆናል።

ካዛንቺስ ነበርኩ
ይበል። በኋላ ጆርጂያ ራሷ ወደ ፓርላሜንታዊ ዞራለች በሉት። ትራፊኩ ጉቦ መብላት ያቆመው ግን ሌላ ሰው ስለተቀጠረና ደመወዙ ስለበቃው ነው። እኛ ጋ የመስኮት ሠራተኛዋ ደመወዝ የቤት ኪራይ አይችልም። ይህን ስል ጉቦን ደግፌ አይደለም፤ ግን በባዶ ሆድ ሥነ ምግባር ሲሰበክ ያናድደኛል።

ሚሚ ዘአራት ኪሎ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼ በተለይ። ዛሬም ሄጄ ነበር። 2:30 ደርሼ ሦስተኛ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ልጅቷ ቀና ሳትል «ሲስተም የለም» አለችኝ። እዚያው ሳቄ መጣ። እኛ እዚህ ይቀየር አይቀየር እንጨቃጨቃለን፣ ለካ የለም! ስወጣ ያ ልጅ ኮፒ ቤቱ ጋ ቆሟል። ዋጋው ስድስት ሺህ ገብቷል።

ሕግ አንባቢ
ሚሚ፣ እንዳትከፍዪ። ማመልከቻ በጽሑፍ አስገቢ፣ መዝገብ ቤት ቁጥር ይስጡሽ፣ ቀሪው ላይ ማኅተም አስደርጊ። በቃል «የለም» ያለ ሰው «የለም» ብሎ መፈረም ሲመጣ ፋይሉን ድጋሚ ይፈልገዋል። ካልሆነ ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያም እንባ ጠባቂ። ያደክማል፣ አውቃለሁ።

ራይድ ነጂ
ስንተኛ ፎቅ ነው? እኔም ነገ የአባቴን ፋይል ይዤ እዚያ አካባቢ ነኝ። ቀድመሽ ከደረስሽ ወረፋ ያዢልኝ።