በፖሊትራክ የሠራሁት ትራክ ለአዲስ ነጂ እንዲሆን ምን ላድርግ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ፖሊትራክ የተባለውን፣ ምንም ነገር ሳይጫን በብራውዘር የሚከፈተውን የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ የምታውቁት እንደምትኖሩ ተስፋ አደርጋለሁ። ከተዘጋጁት ትራኮች ይበልጥ የሳበኝ ተጫዋቹ የራሱን መንገድ ቁራጭ በቁራጭ የሚገጣጥምበት ኤዲተር ነው። ለታናናሽ ወንድሞቼ የሠራሁት ትራክ አንድ ጠባብ ኩርባና ሁለት ትልልቅ ዝላዮች አሉት። እኔ ሳልቸገር እጨርሰዋለሁ፤ እነሱ ግን ሁለተኛው ዝላይ ላይ አንዳንዴ ማረፊያውን አልፈውት፣ አንዳንዴ ደግሞ ሳይደርሱበት ይወድቃሉ። የትራኩ ውበት ዝላዩ ስለሆነ ላነሣው አልፈልግም። በተጨማሪም የትራኩን ኮድ፣ ማለትም ትራኩ ለሌላ ሰው የሚተላለፍበትን ረጅም ጽሑፍ፣ ለአክስቴ ልጆች በቴሌግራም ብልክላቸው አልከፈት ብሏቸዋል። የምታውቁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1

ችግሩ የሚመነጨው ከዝላዩ ሳይሆን ከዝላዩ በፊት ካለው መንገድ ይመስለኛል። ከመወጣጫ የተነሣ መኪና በአየር ላይ የሚሄደው ርቀት የሚያድገው ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው መጠን ነው፤ ስለዚህ በአንድ መወጣጫ ላይ አንዱ ነጂ ከሌላው በ10 በመቶ ብቻ ፈጥኖ ቢደርስ፣ የአየሩን ግፊት ካልቆጠርን፣ 21 በመቶ ያህል ርቆ ያርፋል። እርስዎ መንገዱን ስለለመዱት ሁልጊዜ በተቀራራቢ ፍጥነት ይደርሳሉ፤ ወንድሞችዎ ግን ኩርባውን አንዴ ጠርዝ ነክተው፣ አንዴ ሳይነኩ ስለሚወጡ ፍጥነታቸው በየጊዜው ይለያያል። ከኩርባው እስከ መወጣጫው ያለውን ቀጥታ መንገድ ቢያስረዝሙት ይህ ልዩነት ይጠባል። ያን ጊዜ ሁሉም ይበልጥ ፈጥነው ስለሚደርሱ ማረፊያውንም አብረው ወደ ፊት መግፋት ይኖርብዎታል።

ማረፊያው ደግሞ ለጥ ያለ ከሆነ ወደ ቁልቁለት ይለውጡት። መኪናው እየወረደ ስለሚመጣ ቁልቁለቱ አወራረዱን ተከትሎ ይቀበለዋል፤ ለጥ ያለ መሬት ግን አፍንጫውን ይመታዋል።

ጠያቂው

ከልብ አመሰግናለሁ። ቀጥታውን ማስረዘም የሚያዳግት ከሆነስ? ከኩርባው በኋላ ያለው ቦታ ጠባብ ነው።

መልስ 2

እንግዲያውስ ማረፊያውን ረጅምና ሰፊ ያድርጉት፤ ቀርቦ የወደቀውንም ርቆ የሄደውንም ይቀበላል። እኔ ግን ከርዝመቱ በፊት እይታውን እንዲመረምሩ እመክራለሁ። ነጂው መወጣጫው ጫፍ ላይ ሲደርስ ከፊቱ የሚያየው ሰማይ ብቻ ከሆነ፣ ማረፊያው ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ የሚያውቀው ሠሪው ብቻ ነው። መወጣጫው ማረፊያውን በቀጥታ እንዲያመለክት ማድረግ፣ ካልሆነም ከሩቅ የሚታይ ነገር ከማረፊያው ጀርባ ማቆም ይጠቅማል። ትራኩን አይቶት ለማያውቅ ሰው ሰጥተው፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ሲነዳ ይመልከቱት፤ የሚያመነታበት ቦታ ሁሉ መታረም ያለበት ቦታ ነው።

መልስ 3

ከላይ በተሰጡት ምክሮች እስማማለሁ፤ ነገር ግን ትራኩን ከልክ በላይ እንዳያቀሉት እለምንዎታለሁ። ፖሊትራክ ፈለጉን የተከተለው ትራክማኒያ፣ የፈረንሳዩ ስቱዲዮ ናዴዮ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ጨዋታ፣ ለዚህ ጥሩ ልማድ አለው፤ የነሐስ፣ የብርና የወርቅ ሜዳሊያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሠሪው ራሱ የነዳበት ጊዜ ይቀመጣል። ትራኩን መጨረስ ለብዙዎች የሚቻል፣ በሠሪው ጊዜ መጨረስ ግን ለጥቂቶች ብቻ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። በእርስዎም ትራክ ሰፊው ማረፊያ ላይ አንድ ፈጣን መስመር ይተዉ፤ ለምሳሌ በግራ ጠርዝ ያረፈ ነጂ ቀጣዩን ኩርባ ፍሬን ሳይነካ የሚገባበት ይሁን። ጀማሪው በመሃል አርፎ ያልፋል፤ ሰዓቱን ማሻሻል የሚፈልገው ግን በሺኛ ሰከንድ የሚቆጠር ልዩነት እየፈለገ ይደክምበታል። ማረፊያውን ሲያሰፉ አቋራጭ እንዳይከፈት ከዝላዩ በኋላ አንድ ቼክፖይንት ያስቀምጡ፤ ሁሉም ቼክፖይንቶች ካልታለፉ መጨረሻው መስመር አይቆጠርም።

መልስ 4

ስለ ኮዱ ልመልስ። አንድ የቴሌግራም መልእክት ከ4096 ፊደላት በላይ አይይዝም፤ ከዚያ የረዘመ ጽሑፍ ተቆራርጦ በተለያዩ መልእክቶች ይሄዳል። የአክስትዎ ልጆች የመጀመሪያውን ቁራጭ ብቻ ቀድተው ከሆነ አይከፈትም። ኮዱን በጽሑፍ ፋይል አስቀምጠው ፋይሉን ይላኩላቸው። ያን ፋይል እርስዎም ያኑሩት፤ የሠሯቸው ትራኮች የሚቀመጡት በብራውዘርዎ ውስጥ ስለሆነ የብራውዘሩ መረጃ ሲጸዳ አብረው ይጠፋሉ።